ከበቅሎ ኮቴ እስከ 3.00-17፦ ጎማ በስሜን ግርጌ

በጥር 1880 ዓ.ም. የመሐዲስቶች ጦር ሳር ውሃ ላይ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሠራዊት ድል ነሥቶ ጎንደር ገባ። ከተማዋ ተዘረፈች፤ አብያተ ክርስቲያናቷም ነደዱ። ያን ጊዜ በወገራና በስሜን የሚሸሽም ሆነ የሚነግድ ሰው መጓጓዣው እግሩና በቅሎው ነበሩ። ከጎንደር ተነሥቶ በዳባትና በደባርቅ አልፎ፣ ሊማሊሞን እየተጥመዘመዘ ወርዶ፣ በትግራይ በኩል ምጽዋ የሚደርሰው የሲራራ ነጋዴ መንገድ የተጫነች በቅሎ ያሳልፍ እንደሆነ እንጂ ሌላ አያሳልፍም ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ወደ ጎንደር የገባው ይህንኑ ገደል ሽቅብ ወጥቶ ነው። ከብሩስ እስከ ደንሎፕ ከመቶ ዓመት በላይ ሲያልፍ በዚያ ገደል ላይ መንኮራኩር አልታየም።

ደንሎፕን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ጎንደር በተቃጠለች በወሩ፣ በየካቲት፣ ጆን ቦይድ ደንሎፕ የሚባል የከብት ሐኪም ቤልፋስት ከተማ ውስጥ ለልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት በነፋስ የተሞላ የጎማ ቱቦ ሠራለት። ልጁ በድንጋይ ንጣፍ ላይ ሲነዳ ብስክሌቱ እያንገጫገጨ ያስቸግረው ነበር። አባትየው የፈለገው ይህን መንገጫገጭ ማብረድ ብቻ ነበር፤ የነፋስ ጎማ ዘመን የተከፈተው ግን በዚያች ሙከራ ነው። ሐሳቡ ቀድሞም በሌላ ሰው እጅ ነበር። ሮበርት ዊልያም ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1845 ተመሳሳይ የፈጠራ መብት አስመዝግቦ ስለነበር የደንሎፕ መብት ኋላ ላይ ውድቅ ሆነ። ቶምሰን የቀደመው ዘመኑን ነው፤ ጎማውን የሚፈልግ ብስክሌት ገና አልተወለደም ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። እ.ኤ.አ. በ1894 ጀርመኖቹ ሂልደብራንድና ቮልፍሙለር ለገበያ ያቀረቡት ሞተር ሳይክል የነፋስ ጎማ ነበረው። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ ለዳግማዊ ምኒልክ መኪና ይዞ አዲስ አበባ ገባ። በስሜን ግን አሁንም በቅሎ ነው።

የጎማ ቁጥር የተወለደውም በእነዚያ ዓመታት ነው። የመጀመሪያዎቹ የሞተር ሳይክል ጎማዎች ላይ «26 በ2½» የሚል ዓይነት ጽሑፍ ይነበብ ነበር። 26 ኢንች የጎማው የውጭ ጠርዝ ከዳር እስከ ዳር ነው፤ ሁለት ተኩል ደግሞ ውፍረቱ። አለካኩ ለዓይን ደግ ነው፤ ቆሞ የሚያይ ሰው የሚለካው የውጩን ነውና። ለጠጋኝ ግን ክፉ ነበር፤ ጎማው ቸርኬው ላይ መግጠም አለመግጠሙን አይነግረውም። በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጎማው ከንፈር ውስጥ የብረት ሽቦ እየገባ በቸርኬው ላይ ልክክ ብሎ መቀመጥ ሲጀምር ቁጥሩም ዞረ፤ መጀመሪያ ወርዱ፣ ቀጥሎ ጎማው የሚቀመጥበት የቸርኬው ስፋት ከዳር እስከ ዳር ተጻፈ። 3.50-19 ማለት ወርዱ ሦስት ተኩል ኢንች፣ ቸርኬው 19 ኢንች ማለት ሆነ። መቶ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ዛሬም ደባርቅ ላይ የሚነበበው ይኸው ቋንቋ ነው።

መንኮራኩሩ ወደ ስሜን ግርጌ የመጣው በጦርነት ነው። መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በአኪሌ ስታራቼ የሚመራው የጣሊያን የመኪና ሰልፍ ከአስመራ ተነሥቶ በሰቲት በረሃ በኩል ጎንደር ገባ። ሰልፉ በሊማሊሞ አልመጣም፤ ገደሉ መኪና የሚያሳልፍ አልነበረም። ቀጥሎ በነበሩት ዓመታት ጣሊያኖች ያደረጉት ትልቁ ሥራ ያንን ገደል መክፈት ነበር። ወልከፊት ከሚባለው አፋፍ ጀምረው ቋጥኙን እየፈለጡ፣ ጠርዙን በድንጋይ ካብ እየደገፉ፣ ከደጋው እስከ ዛሪማ ቆላ የሚወርድ የመኪና መንገድ ሠሩ። ስሜን ከባዛልት የተሠራ ተራራ ነው፤ ድንጋዩ ጠጣር፣ ሲሰበርም ጠርዙ እንደ ምላጭ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ለጎማ ታሪክ ከጄኔራሎቹ ስም ይበልጥ ይጠቅማል።

መንገዱ ከጠመንጃ ሌላ ቃል ይዞ መጣ። «ጎማ» ራሱ የጣሊያን ቃል ነው። ጎማው የሚታሰርበት «ቸርኬ»፣ በውስጡ ነፋስ የሚይዘው «ከመነዳሪ»፣ የሚያቆመው «ፍሬን»፣ የሚቀየረው «ማርሽ»፣ የተነፈሰውን የሚጠግነው «ጎሚስታ» ሁሉም ከዚያው ናቸው። ወራሪው ከአምስት ዓመት በኋላ ተባረረ፤ ቃላቱ ግን በእጅ ሙያተኛው አፍ ላይ ቀሩ። ዛሬ የዳባት ወጣት «ከመነዳሪው ተበስቷል» ሲል የሚናገረው አማርኛ ነው፤ ቃሉን ከላብ ጋር ተቀብለን የራሳችን አድርገነዋልና።

የወልከፊት አፋፍ በ1933 ዓ.ም. ክረምት ለወራት ተከበበ። አርበኞችና የእንግሊዝ ጦር መንገዱን ከላይም ከታችም ዘግተው የጣሊያኑን ምሽግ አስራቡት። መስከረም 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ኮሎኔል ጎኔላ እጁን ሰጠ፤ በሁለት ወሩ፣ ኅዳር 18 ቀን፣ ጎንደርም ነጻ ወጣች። በምሥራቅ አፍሪካ የጣሊያን የመጨረሻ ምሽግ የወደቀው እዚህ ነው።

ዓለም በዚያው ዓመት በጎማ ተራበ። ጃፓን ማላያንና የሆላንድ ኢስት ኢንዲስን ስትይዝ የላስቲክ ዛፍ እርሻው አብሮ ተያዘ፤ አሜሪካ በጦርነቱ ጊዜ መጀመሪያ በራሽን ካደረገቻቸው ዕቃዎች አንዱ ጎማ ነበር፣ በጥር 1942 (እ.ኤ.አ.)። በእኛ ገጠር ያረጀ ጎማ ፈጽሞ የማይጣል ዕቃ ሆኖ የቆየው ለዚህ ሁሉ ዜና ሳይሆን ለእግር ነው። ከመኪና ጎማ ተቆርጦ የሚሠራው በረባሶ በባዛልት ጠጠር ላይ ለሚሄድ ገበሬ ከቆዳ ጫማ ይበልጥ ይጸናለት ነበር። ስሜን ጎማን በመጀመሪያ ያወቀው በእግሩ ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም። ከኮንጎ ጫማ በፊት በረባሶ ነበር፤ ከሞተርም በፊት በረባሶ ነበር።

በጎማው ሆድ ውስጥ ያለው ጨርቅም በዚያ ዘመን ተለወጠ። ጎማ ላስቲክ ብቻ አይደለም፤ ሸክሙን የሚሸከመው በላስቲኩ ውስጥ የተቀበረው የክር ድር ነው። ቀድሞ ክሩ ጥጥ ስለነበር አራት ድርብ ጥጥ ያለው ጎማ «4 ፒአር»፣ ስድስት ያለው «6 ፒአር» ይባል ነበር። ሬዮን፣ ቀጥሎም ናይሎን ሲመጣ ሁለት ድርብ ናይሎን የአራት ድርብ ጥጥ ጉልበት ሰጠ፤ ቁጥሩ ግን አልወረደም። ስለዚህ ዛሬ ጎማው ላይ 6 ፒአር ቢያዩ ቀደው ስድስት ድርብ አይፈልጉ። ቁጥሩ የሚነግርዎ የጥንካሬ ደረጃ ነው፤ የጥጥ ዘመን ትዝታ በስሙ ውስጥ ቀርቷል።

ከጦርነቱ በኋላ በጣሊያን የተጀመረ አንድ ነገር ኋላ ወደ ደባርቅ ስለሚመጣ እዚህ ላይ ማንሣት አለብኝ። የፒያጆ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1946 ቬስፓን፣ በ1948 ደግሞ «አፔ» የተባለችውን ባለ ሦስት እግር ጫኝ ሠራ። ጎማቸው 8 ኢንች ብቻ ነው፤ ለከተማ ጠፍጣፋ መንገድና ለርካሽ ዋጋ የታሰበ። እ.ኤ.አ. በ1960 የሕንዱ ባጃጅ የፒያጆን ፈቃድ አገኘ። ሲኢኤቲ የሚባለው የጎማ ስም ደግሞ የመጨረሻ ፊደሉ ቶሪኖ ማለት ነው፤ ኩባንያው በ1924 (እ.ኤ.አ.) በዚያች የጣሊያን ከተማ ተቋቁሞ በ1958 ሕንድ ገባ፤ ኋላም የሕንዶች ሆነ። በማድራስ ደግሞ በ1946 የልጆች ፊኛ በመንፋት የጀመረ አንድ ትንሽ ሥራ ኤምአርኤፍ የሚባል ግዙፍ የጎማ አምራች ሆነ። በ1958 የጃፓኑ ሆንዳ ሱፐር ካብን አወጣ፤ 17 ኢንች ቸርኬ ያለው፣ ሴትም ወንድም ያለ ችግር የሚሳፈርበት ትንሽ ሞተር። የአነስተኛ ሞተር የጋራ ልክ የሆነው 17 በሰፊው ወደ ዓለም የወጣው በእርሱ ነው።

በስሜን ያ ሁሉ ገና ሩቅ ነበር። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1966 ተቋቋመ፤ ጽሕፈት ቤቱ ደባርቅ ነው፤ በ1967 ለጥበቃ ሥራ የመጣው ክላይቭ ኒኮል ኋላ ስለ ስሜን ቆይታው መጽሐፍ ጻፈ። በዚያ ዘመን ከደባርቅ በፓርኩ ውስጥ ወዳሉት ወደ ሳንቃበርና ወደ ግጭ ዕቃ የሚሸከመው በቅሎ ነበር። በ1963 ዓ.ም. የተጀመረው የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻም የደጋ ገደላ ገደል መንደሮችን የደረሰባቸው አብዛኛውን በእግርና በበቅሎ ነበር። አዲስ አበባ ላይ የጎማ ፋብሪካ የተመሠረተው በዚያው ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ፓርኩ በ1978 (እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ሆኖ ተጻፈ።

የመጀመሪያዎቹ የወረዳ ሞተሮች የመንግሥት ነበሩ። በመላ ሀገሪቱ የጤናና የግብርና ጽሕፈት ቤቶች የያዙት በብዛት ያማሃ ነበር፦ ለእርሻ ሥራ የተሠራው ኤጂ እና ለጠጠር መንገድ የተሠራው ዲቲ 125። የገጠር ሰው ሞተር ሲባል የሚያስበው ይህን ነበር፤ ከፍ ያለ፣ ጭቃ መከላከያው ከጎማው በላይ የተሰቀለ፣ ሠራተኛው ከትከሻው ቦርሳ አንግቶ የሚመጣበት።

የዲቲው ጎማ ስለ መንገዳችን አስቦ የተሠራ ይመስላል። የፊቱ 2.75-21፣ የኋላው 4.10-18 ነው። ለምን ፊቱ ቀጭንና ረጅም፣ ኋላው ወፍራምና አጭር ሆነ? የፊት ጎማ ሥራው መንገድ መቅደድና ድንጋይ መውጣት ነው። 21 ኢንች ቸርኬ ላይ ያ ጎማ ሲገጠም ከዳር እስከ ዳር 67 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ የጡብ ቁመት ያለው ድንጋይ ሲገጥመው ይወጣዋል። ትንሽ ጎማ ያንኑ ድንጋይ እንደ ግድግዳ ይመታዋል። ቀጭንነቱ ደግሞ የላይኛውን ጭቃ ሰንጥቆ ከሥር ያለውን ጠንካራ መሬት እንዲነካ ይረዳዋል፤ የሐምሌን የወገራ ጥቁር ጭቃ ያየ ሰው ይህን ለማመን ማስረጃ አያስፈልገውም። የኋላው ሥራ መግፋትና መሸከም ስለሆነ ወፍሯል። 4.10 የሚለውም ተራ ቁጥር አይደለም። በኢንች ቋንቋ 3.00፣ 3.25፣ 3.50 ሲባል የጎማው ቁመት ከወርዱ ጋር እኩል እንደሆነ ይታሰባል፤ 3.60፣ 4.10፣ 4.60 ሲባል ግን ቁመቱ ከወርዱ አንሶ የተሠራ ነው። ቁመቱን የሚናገር ሌላ ቁጥር ስላልነበረ ምሥጢሩ በነጥቡ ቀኝ ተደበቀ። ቆየት ያለ ጎሚስታ ይህን በዓይኑ ያውቀዋል፤ ልማድ ካላስተማረው ሌላ ማንም አይነግረውም።

ያ ድብብቆሽ ያበቃው በሚሊ ሜትሩ ቋንቋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የአሁኑን ስሙን የያዘው የአውሮፓ የጎማና የቸርኬ ቴክኒክ ድርጅት ልኬቶችን አንድ ለማድረግ ሠራ። ቀስ በቀስ 90/90-18 የሚመስል ጽሑፍ መጣ። የመጀመሪያው 90 ወርዱ በሚሊ ሜትር፣ ሁለተኛው 90 ቁመቱ ከወርዱ በመቶ ስንት እንደሆነ፣ 18 ደግሞ ቸርኬው በኢንች። አንድ ዕቃ ላይ ሚሊ ሜትር፣ በመቶና ኢንች ተሰልፈው ቆሙ፤ የሦስት ዘመን አሻራ ነው። በመሃል ያለችው ሰረዝ እንኳ ትናገራለች፦ ክሩ በሰያፍ የተጠላለፈ ጎማ ማለት ናት። በእርሷ ቦታ «አር» ከተጻፈ ክሩ ከከንፈር እስከ ከንፈር ቀጥ ብሎ የተዘረጋ፣ ራዲያል የሚባለው ነው፤ ሚሽለን እ.ኤ.አ. በ1946 ለመኪና የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበበት አሠራር። ከካይሮ ወደ ኬፕታውን በጎንደር በኩል ያልፉ የነበሩት የቢኤምደብሊው ትልልቅ ሞተሮች የሚሄዱት በራዲያል ነው፤ የመጀመሪያው አር 1200 ጂኤስ ከፊት 110/80 አር 19፣ ከኋላ 150/70 አር 17 ያደርግ ነበር። የእኛ ትንንሽ ሞተሮች በሰያፉ ቀጥለዋል፤ የሰያፍ ጎማ ጎኑ ድንጋይ ስለሚችልና ዋጋው ስለሚቀንስ ምርጫው ትክክል ይመስለኛል።

ከልኩ ቀጥሎ ቁጥርና ፊደል ተጨመሩ። ቁጥሩ ጎማው የሚችለውን ሸክም ይናገራል፤ ግን ኪሎው ራሱ አይደለም፣ በሰንጠረዥ የሚፈታ ነው። 41 ማለት 145 ኪሎ፣ 45 ማለት 165፣ 50 ማለት 190፣ 59 ማለት 243 ኪሎ ነው። ፊደሉ የፍጥነት ጣሪያ ነው፣ በኪሎ ሜትር በሰዓት፦ ጄ 100፣ ኬ 110፣ ኤል 120፣ ኤም 130፣ ኤን 140፣ ፒ 150፣ እያለ ዩ 200 ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ ከሰልፏ ያፈነገጠችው ኤች 210 ሆና ትመጣለች። ኤች ሌሎቹ ፊደሎች ገና በተራ ሳይደረደሩ ስለተሰየመች ቦታዋን የሚያስለቅቃት አልተገኘም።

በስሜን ግን መንገዱ ራሱ ክርክር ሆነ። ከደባርቅ በሳንቃበርና በጨነቅ አልፎ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነውን የቧሂትን ማለፊያ ተሻግሮ ወደ ጃናሞራ መካነ ብርሃን የሚዘልቀው መኪና መንገድ የፓርኩን ሆድ ሰንጥቆ ያልፋል። ለጃናሞራ ሰው መንገዱ ሐኪም ቤት ነው፣ ገበያ ነው። ለዋልያው ግን ጫጫታና የሰው እርምጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ፓርኩ በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ሲገባ ከተጠቀሱት ምክንያቶች ውስጥ የዋልያው ቁጥር ማነስና ይኸው መንገድ ይገኙበታል። ከመዝገቡ የወጣው በ2017 ነው፤ ከተጠየቁት ማስተካከያዎች አንዱ ከፓርኩ ውጭ የሚዞር አማራጭ መንገድ መሥራት ነበር። ሁለቱም ወገን እውነት አለው። እኔ በበኩሌ ለታመመች እናት የሚሄደውን ጎማ የሚከለክል ሕግ አልደግፍም፤ ጎማው በዋልያ ማሰማሪያ መካከል የግድ ማለፍ አለበት የሚለውንም አልቀበልም።

ሞተር ከመንግሥት ግቢ ወጥቶ የግለሰብ የሆነው የሕንድና የቻይና ሥሪት በርካሽ መግባት ሲጀምር ነው። ባጃጅ ቦክሰርና ቲቪኤስ የገጠሩ ሞተር ሆኑ፤ ባለ ሦስት እግሩ ባጃጅ ደግሞ የከተማው ታክሲ። የደባርቅን ኮብልስቶን የሚወጣው ባጃጅ ጎማው 4.00-8 ነው። ያ ስምንት፣ የአፔ ስምንት ነው። ጣሊያን ከወልከፊት እጁን ሰጥቶ ከወጣ ከስንት ዓመት በኋላ የቸርኬው ልክ ዞሮ በሕንድ በኩል ደባርቅ ገባ፤ አንዳንዱም ጎማ በጎኑ የቶሪኖን ፊደል ተሸክሞ። ባጃጅ በጉድጓድ ላይ ተሳፋሪውን ለምን እንደዚያ እንደሚያነጥር ለሚጠይቅ መልሱ ይኸው ነው፤ ትንሽ ጎማ እያንዳንዱ ጉድጓድ ውስጥ ሙሉ ለሙሉ ይወርዳል።

የሁለት እግሩ ልክ 17 ሆነ። ከፊት 2.75-17፣ ከኋላ 3.00-17። የሱፐር ካብ ቸርኬ ነው፤ ለእስያ ከተማና ለጠፍጣፋ ሜዳ። ከጎንደር እስከ ደባርቅ ያለው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አስፋልት ከለበሰ ወዲህ በዚያ ላይ ጥሩ ይሄዳል። ከአስፋልቱ ወርዶ ወደ ቀበሌ ሲገባ ግን 21 ኢንቹ ያማሃ የሚወጣውን ድንጋይ 17ቱ ይመታዋል። አንዳንዱ ሞተረኛ መፍትሔ የሚፈልገው ወፍራም ጎማ በማስገባት ነው። 3.00-17 ን በ80/100-17 መተካት ይቻላል፤ ሁለቱ እጅግ ይቀራረባሉ። ከዚያ አልፎ 110 ወርድ ያለውን በጠባቡ ቸርኬ ላይ መጫን ግን ጎማውን ያጎብጠዋል፤ የሚረግጠው በመሃሉ ብቻ ይሆናል፣ ሰንሰለትና ሹካም ሊነካ ይችላል። ከሁሉ የከፋው 17ን ከ18 ጋር ማደናገር ነው። የመጨረሻዋ ቁጥር ድርድር አታውቅም።

የሸክሙን ነገር ግን ሳልዘረዝር አላልፍም፤ የዚህ ሁሉ ታሪክ ፍሬ ያለው እዚህ ነው። በብዙዎቹ የቦክሰር የኋላ ጎማዎች ላይ 3.00-17 ካለ በኋላ «50 ፒ» የሚል ይነበባል። ፒ ማለት 150 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው፤ ሊማሊሞ ላይ በዚህ ፍጥነት የሚነዳ የለም፤ ፊደሏን ይተዉአት። 50 ግን 190 ኪሎ ነው። ሞተሩ ብቻውን 115 ኪሎ ያህል ይመዝናል እንበል። ነጂው 65፣ የተፈናጠጠው 65፣ ከኋላ የታሰረው ግማሽ ኩንታል ገብስ 50። ድምሩ 295 ኪሎ ነው። እንዲህ ሲጫን ከክብደቱ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ በኋላው ጎማ ላይ ያርፋል፤ ወደ 200 ኪሎ። ማለትም የተለመደው የገበያ ቀን ጭነት ጎማው የተፈረመለትን አልፎታል፤ አቀበት ሲመጣ ደግሞ ይብስበታል። ሦስተኛ ሰው ሲጨመር ስሌቱን ማየት አያሻም። ቁልቁለት ላይ ሸክሙ ወደ ፊት ይወርዳል፤ በፍሬን ጊዜ የፊቱ ጎማ አብዛኛውን ይሸከማል፤ በእርሱ ላይ የተጻፈው 41 ነው፣ 145 ኪሎ። ሰው ጎማ ሲገዛ ጥርሱን በአውራ ጣቱ ይለካል፣ ዋጋ ይጠይቃል። ያቺን ከፊደሏ በፊት ያለችውን ቁጥር ቢያነብ ስንት አጥንት በዳነ።

ነፋሱም የራሱ ጉዳይ አለው። ጎማው ላይ የተጻፈው የነፋስ ግፊት ቁጥር፣ ፒኤስአይ፣ የሸክሙ ጣሪያ ላይ ሲደርሱ የሚሞላው ነው። ዛሪማ ቆላ በ35 ዲግሪ ቀትር 30 ፒኤስአይ ተነፍቶ ሊማሊሞን የወጣ ጎማ በማግሥቱ ማለዳ ደባርቅ ላይ በ10 ዲግሪ ቢለካ ያው አይገኝም። ከፍታው የውጩን አየር ስለሚያሳሳ መለኪያው ላይ 2 ፒኤስአይ ያህል ይጨምራል፤ ብርዱ ግን ሦስት ተኩል ያህል ይቀንሳል። ብርዱ ያሸንፋል፤ ጎማው ሰልሎ ያድራል። የሰለለ ጎማ በባዛልት ጠርዝ ላይ ከመነዳሪውን በቸርኬውና በድንጋዩ መካከል ይቆነጥጠዋል፤ ሁለት ቀዳዳ ጎን ለጎን ያዩ ጎሚስታዎች እሾህ እንዳልሆነ ወዲያው ያውቃሉ። «ቲቲ» የተጻፈበት ጎማ ከመነዳሪ የሚፈልግ ነው፣ «ቲኤል» ያለ ከመነዳሪ የሚሄድ። በሽቦ ራጂ የታሰረ ተራ ቸርኬ ነፋስ በየሽቦው ሥር ስለሚያሾልክ ቲኤል ጎማ ቢገጠምበትም ከመነዳሪው አይቀርም።

በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ወደ ዳባትና ደባርቅ ገጠር ደረሰ፤ ጭና በሚባል መንደር ሲቪሎች ተገደሉ፤ ሊማሊሞ ላይ መንገዱ እንደገና እንደ 1933ቱ የምሽግ ድንበር ሆነ። ሞተር ደግሞ በከተማም በገጠርም የጥርጣሬ ዕቃ ሆነ። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ሞተርን አግዳ በፈቃድ ብቻ መለሰች፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም በአማራ ክልል በተነሣው ሌላ ጦርነት ምክንያት በተለያዩ ከተሞች የሞተርና የባጃጅ እንቅስቃሴ በየጊዜው ሲታገድ ቆይቷል። የቆመ ሞተር ጎማ ደግሞ በቆመበት ያረጃል። የስሜን ፀሐይ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ያህል አልትራቫዮሌት ጨረር ይጨምራል፤ ደባርቅ ወደ 2,850 ሜትር ነው። ላስቲኩ ይደርቃል፣ ጎኑ እንደ ተሰነጠቀ ተረከዝ ይሆናል፤ ጥርሱ ግን ሙሉ ነው። አዲስ ይመስላል። እውነቱን የሚናገሩት «ዲኦቲ» ከሚለው ቀጥሎ በመጨረሻ ያሉት አራት ቁጥሮች ናቸው፤ ከ2000 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የተሠራ የዲኦቲ ማኅተም ያለው ጎማ ዕድሜውን በእነዚህ አራት ቁጥሮች ይናገራል። 2318 ማለት በ2018 ሃያ ሦስተኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። ዓመቱ የፈረንጅ ነው፤ በእኛ ከቆጠሩት ጎማው ከእውነተኛ ዕድሜው ይልቅ አዲስ ይመስላል።

ጥርሱ አልቆ፣ «ቲደብሊውአይ» የሚል ምልክት ካለበት አንጻር ያለችው የጥርስ መሃል ጉብታ ከጥርሱ ጋር ስትስተካከል፣ ያ ጎማ ከሞተሩ ይወርዳል። ከመነዳሪው ግን አይጣልም። በቢላ በጠባቡ በረጅሙ ይቀደዳል። በገበያ ቀን ከደጋው ወደ ደባርቅ በምትወርድ በቅሎ ላይ የገብስ ስልቻውን ከኮርቻው ጋር አጥብቆ የያዘው ጥቁር ማሰሪያ እርሱ ነው፤ ጠጋ ብሎ ላየው፣ ላስቲኩ ላይ በትንንሽ ጉብ ጉብ ፊደል 3.00-17 ይላል።